እዚህ አንቱ፣ እዚያ አንተ

አሰላሙ ዓለይኩም የዘሃራ አባት፣

ለቀብር የሚሰጠው ሰላምታ ለሕያው ከሚሰጠው ጋር አንድ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ሁለት ቢሆን ኖሮ የትኛውን ልጻፍ እያልኩ እዚሁ መጀመሪያው ላይ እቀር ነበር።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ዘንድሮ ሐይቁ ሞልቷል፤ ጀልባዎን ያስሩበት የነበረው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቷል። በጦርነቱ ጊዜ የተነቀለው በራችን ተተክቷል። ጣሪያውም ተደፍኗል፣ ከአንዲት ቀዳዳ በቀር። እሷን ተዉልኝ ብዬ ነው የቀረችው። ከሰዓት በኋላ በእሷ የሚገባው ብርሃን ወለሉን እያቋረጠ ሲሄድ የአሱር ሶላት መድረሱን ይነግረኛል። ጀልባዎን የዘሃራ ባል አስጠግኖታል። እሱ ራሱ ግን ዛሬም አልገባበትም። ባጃጁን በገደል አፋፍ እየነዳ ውሃ ይፈራል፤ ገና ሲያጫት ጀምረው ሲስቁበት የነበረውን ያስታውሳሉ። ጀልባውን ወደ ውሃው የሚያወጡት የጎረቤት ልጆች ናቸው። እኔ እንደ ድሮው ዓሣ እበልታለሁ። ጋዜጣውን የማነበውም አሁን እኔ ነኝ።

ስለ ዘሃራ የምነግርዎ ትልቅ ነገር አለኝ። እሱን ግን ላቆየው።

ጋዜጣውን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰዎች ፊደል ማን አስተማረሽ ሲሉኝ አንቱን ነው የምጠራው። አንቱ ግን ሊያስተምሩኝ ተቀምጠው አያውቁም። ዓሣ የምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ከከተማ ይመጣ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋልና ሳያነቡት አይጠቀልሉበትም። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል፣ አንቱ በጣትዎ መስመሩን እየተከተሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ከፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ቅርፊት እፍቃለሁ። ፊደሉን የለየሁት እንግዲህ ተገልብጦ ነው። ዛሬም ቢሆን ወረቀት ሲቸግረኝ ሰው ሳያየኝ ገልብጬ አነበዋለሁ።

አንድ ቀን ገና አንቱ ጋ ያልደረሰ ቀልድ አንብቤ ሳቅሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን አዙረው በጎኑ አስቀመጡት፣ ለሁለታችንም እንዲታይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገትዎን አጣመው ነው ያነቡት። ከሁሉ ነገርዎ የማደንቀው ይህን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሚስቴ ማንበብ ቻለች ብሎ ለአገር ያወራ ነበር፣ ወይ ይከፋው ነበር። አንቱ አንገትዎን አጣመሙ።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ደግሞ እዚያች የዓሣ መሸጫችን ጋ ሰው እንዴት ይሰበሰብ እንደነበር! ዓሣ የማይገዛው ሁሉ ጋዜጣ ሊሰማ ይመጣል። የሚያስደስተውን ሳይጨምሩ፣ የሚያስከፋውን ሳይቀንሱ ያነቡ ነበር። በኋላ በኋላ ወሬው ሲከር፣ ይህ ብሔር እንዲህ አደረገ፣ ያ ሃይማኖት እንዲህ ሊያደርግ ነው የሚል ሲበዛ፣ የመጀመሪያውን መስመር ያዩና ወረቀቱን ያጥፉታል። ቶሎ ብለው አምባዛ ይጠቀልሉበታል። ምነው አታነብም ሲሉዎት፣ ይሄኛው ድሮም ይሸታል፣ ለዓሣ ነው የሚሆነው ይሏቸው ነበር። ይህችን ሕግዎን ይዣታለሁ። አምባዛ የምጠቀልልበት ወረቀት እስካሁን አልጠፋም።

የገዳሙ ወዳጅዎ መርጌታም አሉ። ጉልበታቸው እንደከፋ ነው፣ ከገዳሙ እስከ ከተማ በእግር መምጣት ይከብዳቸዋል። ከአንቱ ጋር ይለዋወጡት የነበረውን ቀልድ አሁን ለእኔ ብቻቸውን ይነግሩኛል፤ የእርሳቸውንም የአንቱንም ያወራሉ። ይኸ የምታጠምደው ዓሣ እስላም ነው ክርስቲያን ብለው ሲጠይቁዎት፣ መረብ ውስጥ ሲገባ አላዋየኝም፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ መናገር ያቆማል ያሏቸውን። ይስቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

ጦርነቱ የደረሰ ቀን የሠሩትንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ተኩሱ ሲቀርብ እኔንና ዘሃራን ጭነት መኪና ላይ አሳፍረው፣ እከተላችኋለሁ ብለው ቀሩ። እኔ ቤቱን ሊጠብቁ መስሎኝ ነበር። አንቱ ወደ ጀልባዎ ነው የሄዱት። መራመድ ያልቻለውን ሁሉ፣ አራሷን፣ ዓይነ ስውሩን፣ ከገዳሙ የወረዱትን ሽማግሌዎች፣ ወደ ማዶ እያደረሱ ይመለሱ ነበር አሉኝ። መርጌታ ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። ማዶ ሲያደርሷቸው፣ ይበቃል፣ አሁን አትመለስ ብለው ልብስዎን ይዘው ለምነውዎት ነበር። አንቱ ግን ውሃው ዳር ቆመው የሚጠብቁ አሉ ብለው ጨርቅዎን ከእጃቸው ቀስ አድርገው አላቀቁ። ከማን ወገን ናችሁ ብለው የጠየቁት ሰው የለም። የመጨረሻዎቹን ሲያሻግሩ ነው ጥይት ያገኘዎት። ቀዘፋውን ሳይለቁ ማዶ አደረሷቸው። የማዶዎቹ ሰዎች ቤታቸው አስገብተው አስታመሙዎት፣ በኋላም ቀበሩዎት። አፈሩን ካለበሱት አንዱ መርጌታ ናቸው።

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። አንቱ ያውቁታል፣ በየሶላቱ ነግሬዎታለሁ፤ ጽፌው ግን አላውቅም።

እናቴ የአባቴን ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። እናትዎም የአባትዎን አልጠሩም። እኔም እንደተጋባን ሰሞን እንደነሱ፣ ይሰማሉ? እያልኩ ነበር የምጠራዎት። ዘሃራ ስትወለድ ተገላገልኩ፤ የዘሃራ አባት የሚል ስም አገኘሁ። አንድ ቀን መረብ ስንጠግን፣ እስኪ አንዴ በስሜ ጥሪኝ፣ አንተ በይኝ አሉኝ። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ፊቴ ሲቀላ አይተው ሳቁ።

«ግድ የለም፣ ይቆይ» አሉኝ።

በስደቱ ጊዜ ወደ ደቡብ ወርደን አንድ ትምህርት ቤት ተጠለልን። ዘሃራ በትኩሳት ተኝታ ስለነበር የሰው ወሬ የምጠይቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሐይቅ መጣ የተባለ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ የዘሃራን አባት አይታችኋል? ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ ረዘም ይላሉ እያልኩ እጠይቃለሁ። በየክፍሉ ዘሃራ የምትባል ልጅ አለች። የሐይቅ ዓሣ አጥማጅም አንድ ብቻ አይደለም። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ስምዎን ግን አልጠራሁም። ልጥራው ብዬ አስቤ የተውኩት አይመስልዎ፤ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ለእኔ የዘሃራ አባት ነበር ስምዎ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ መኪናው ላይ አንድ የአርዲቦ ሰው በጀልባ ስላሻገረው ሰው ያወራል። እሱ ሲሻገር ያ ሰው ደህና እንደነበር፣ በኋላ ግን ቆስሎ ማዶ ቤት ውስጥ እንደተኛ፣ በሕይወት እንዳለም ሰምቶ መምጣቱን ይናገራል። ስምዎን ጠራው። ያ ሰው በመጠለያው ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር የሚያድረው። የዘሃራን አባት አይተሃል ብዬው አላየሁም ብሎኝ ነበር። ባሌ መሆንዎን ስነግረው እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ምነው እናቴ፣ በስሙ ቢጠይቁኝ ኖሮ! እኔ እኮ የማውቀው ስሙን ነው።»

መንገዱ ዝግ ነበር፣ ብታውቂም አትደርሺም ይሉኛል ሁሉም። ይሆናል። ቢያንስ ግን ዱዓ የማደርገው በሕይወት ላለ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር። ቤት ስገባ ቀብርዎ ነው የጠበቀኝ።

እዚያ፣ ወደ ሌላው ቤታችን፣ መሄድ የጀመርኩት የባል ሐዘን ወራቴን፣ ኢዳዬን፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት በጀመርኩ ሰሞን ነው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ ጋደም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ አምባሰል ነኝ፤ በተጋባን ዓመት የኖርንበት የእናትዎ ድንጋይ ቤት። አንቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። ሕልም ነው ብዬ በማግስቱ ስተኛ፣ ካቆምኩበት ቀጠለ። የዘራሁት ጎመን በቅሎ ነበር። በሌላው ቀን ስሄድ ደግሞ አድጎ ዶሮ በልቶት አገኘሁት።

እዚያ ወደ ሐይቅ አልወረድንም። ማሽላ ያርሳሉ። ጸጉርዎ ሸብቷል፣ ያምርብዎታል። ጦርነት የሚባል አልሰማንም። ከግቢያችን ጫፍ ቁልቁል ስናይ ሐይቁ ፀሐይ አርፎበት የወደቀ ቆርቆሮ ይመስላል። አንቱ ግን ጀልባ የለዎትምና ዞር ብለውም አያዩት። እኔ እዚያ የማፍረው የለም፤ እስቃለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ማሽላውን ወፍ ጨረሰው እልዎታለሁ። እዚያ አንተ እልዎታለሁ።

እዚያ ማንበብ አልችልም። አንድ ቀን ጨው የተጠቀለለበት ወረቀት ከገበያ ይዘው መጡ። ፊደሉ ጉንዳን መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ገልብጬ አየሁት፤ አሁንም ጉንዳን ነው። ዓሣ ካልሸጥን ጋዜጣ ከየት ይመጣል? ይህ ሊያባንነኝ በተገባ ነበር። ግን እዚያ ስሆን ማንበብ መቻሌን ማን ያስታውሰኛል? እዚህ ስነቃ ደግሞ ማንበቤ ራሱ ሕልም ይመስለኛል። አንዲት የአምባሰል ገበሬ ሚስት ቀን ተኝታ፣ ዓሣ ስትበልት፣ ፊደል ስትለይ፣ ባሏ ሲሞትባት የምታየው ረጅም ክፉ ሕልም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ የትኛዋ ሴት ትመስክር?

መደናገር ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ለዘሃራ፣ ላማችን ወለደች፣ ጥጃው ግንባሩ ላይ ነጭ አለው አልኳት። የማን ላም እማ? ብላ ሳቀች። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የከብት ገመድ ገዝቼ ገባሁ። ለጀልባው ነው አልኳት፤ ዘሃራ ያን ጊዜ አልሳቀችም። መርጌታን ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ሰው የትኛው ሕልሙ እንደሆነ በምን ያውቃል አልኳቸው። አውጥተው አውርደው፣ እኔ የእርስዎ ሕልም ከሆንኩ እባክዎ ጉልበቴን ደህና አድርገው ያልሙልኝ አሉኝ። አንቱ ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ መልስ አይሰጡኝም ነበር።

እኔ ግን መተኛቱን አበዛሁ። ዘሃራ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል፤ እኔ ዙሁርን ሰግጄ ወደ አንቱ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ያበጠ እግሯን ሳጥብላት ድንገት አንድ ነገር አሰብኩና ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። እዚያ ዘሃራ የለችም። በአምባሰሉ ቤት ሁለት ሆነን ስንበላ፣ ሁለት ሆነን ስንስቅ፣ አንድም ቀን ልጄስ ብዬ አልጠየቅሁም። አንተ ማለት የቻልኩትም ለዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የዘሃራ አባት የምልበት ዘሃራ ስላልነበረች ነው። እግሯን በፎጣ አደረቅሁላት፣ ቅባት ቀባኋት። ይህን እያወቅሁም በማግስቱ ተኛሁ። አንቱን ማየት እንዲህ ነው የሚጎትተኝ።

ያን ቀን እዚያ ማሽላ እየፈለፈልን ነበር። ከአጥሩ ሥር፣ ከቁልቁለቱ በኩል የሴት ድምፅ ተሰማ። እማ ይላል። የጎረቤት ልጅ ናት አልኩና መፈልፈሌን ቀጠልኩ። አንቱ ግን እጅዎን አቆሙ።

«ያንቺ ናት። ሂጂ» አሉኝ።

«እኛ እኮ ልጅ የለንም» አልኩ።

«አለችን። እየጠራችሽ ነው፣ ሂጂ።»

ተነሳሁ። ቀሚሴ ላይ የነበረው ማሽላ ሲረግፍ ታየኝ። ዞር ብዬ፣ «አንተስ?» አልኩ።

ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሳቁ፣ ያንን የመረቡን ቀን ሳቅ። «ግድ የለም፣ ይቆይ።»

ስነቃ የጣሪያው ብርሃን ወለሉን ጨርሶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ዘሃራ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ስትጠራኝ ቆይታ ድምፅዋ ተዘግቷል። ባሏን አስጠርተን በባጃጁ ጤና ጣቢያ ደረስን። መንገዱን ሁሉ እጇን አልለቀቅሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ወለደች፣ በሰላም፣ ወንድ ልጅ። ላቆየው ያልኩዎት ይህ ነው።

አላገጡብኝም፣ አልወቀሱኝም፤ ሂጂ ብቻ አሉኝ። ሕልም ከሆነ፣ በሕልምም አንቱ አንቱ ነዎት። ውሃ ዳር የሚጠብቅ ሰው ካለ ራስዎን አያስቀድሙም።

ስም የሚወጣለት ቀን ቤቱ ሞላ። መርጌታም በባጃጅ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሸኹ ስሙን ማን እንበለው ብለው ዘሃራን ጠየቋት። እማ ትናገር አለች። አውቃ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «የአባቷን ስም» ብል ይበቃ ነበር፤ ሁሉም ይገባው ነበር፣ ማንም አይታዘበኝም። አፌን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ሊዘጋ ሲል ያ የአርዲቦ ሰው እጁን ራሱ ላይ እንደጫነ ታየኝ።

«ይመር» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ደጅ ያሉትም ሰሙ።

 ከዚያ መርጌታ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ አያቱን ከመሰለማ ዓሣ ሲመዝን እጁ የሚከብድ ነው፣ ዋ ገዢ አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ ሸኹም ሳቁ።

አሁን ስምዎን ቀኑን ሙሉ ነው የምጠራው። ይመር አታልቅስ፣ ይመር ጥባ፣ አንተ ይመር ምን ሆንክ እላለሁ። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ። የገዛሁት የከብት ገመድም ሥራ አገኘ፤ ውሃው ሞልቶ የድሮው ስላጠረ ጀልባዎ የታሰረው በእሱ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አምባሰል አልሄድኩም፤ ወይም ሄጄ አላስታውስም። የትኛው ሕልም እንደሆነ ዛሬም በአላህ ስም አልምልም። የምትጠራኝ ልጅ ያለችው ግን እዚህ ነው። አንቱ ላኩኝ፣ እኔም መጣሁ። እዚህ እቆያለሁ። ልጁ ቁጭ ማለት ሲጀምር ከፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጋዜጣ አነብለታለሁ፤ ወረቀቱንም በጎኑ አድርጌ፣ አንገቴን አጣምሜ። በጀልባዎ የተሻገሩትን ሰዎች እየጠራሁ እነግረዋለሁ። ማን ነበር አያቴ ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ በስሙ እንዲመልስ አስተምረዋለሁ። አላህ ቀብርዎን ያብራልዎ።

ይህን ሁሉ በአንቱ ጻፍኩት፤ እጄ ሌላ አልለመደም። የመጨረሻዋን መስመር ግን ያቺ የአምባሰሏ ሚስትህ ትጻፋት፤ ፊደሉን እኔ አውሳታለሁ።

ይመር፣ አልረሳህም።

ቶይባ